ለምርምር ሌላ አገር ልትሄዱ ነው? ከመጀመሪያው ኢሜይል እስከ ቀጣዩ ሥራ

ብዙ ተመራማሪ ውጭ አገር ስለመሥራት ሲያስብ ሐሳቡ ሁሉ መግባቱ ላይ ነው። ቦታውን ማግኘት፣ ቪዛው፣ ቲኬቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው "እዚያ ስደርስ አየዋለሁ" ተብሎ ይተዋል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ዋጋም አስከፍሎኛል። ስለዚህ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። መሄዱን ስታቅዱ ቀጣዩን እርምጃ አብራችሁ አቅዱ። የምትለቁትን ቦታም ጨርሳችሁ አትልቀቁት።

ይህን የምለው ከስሜት ተነስቼ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትንተና ከ2008 እስከ 2015 ጥናት ያሳተሙ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአገር አገር የተንቀሳቀሱት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ካልተንቀሳቀሱት በአማካይ 40 በመቶ ያህል በበለጠ ይጠቀሳል። (ጎበዞቹ ስለሚሄዱ ይሁን መሄዱ ስለሚያጎብዝ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።) እኔን የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከተንቀሳቀሱት ከ10ሩ ሰባቱ ገደማ ቀድሞ ከነበሩበት አገር ጋር ያላቸውን የሥራ ትስስር አልበጠሱም።

1. ለምን እንደምትሄዱ በአንድ መስመር ጻፉ

"ልምድ ለማግኘት" አይበቃም። መልሱ የሚጨበጥ ነገር ይሁን፦ እናንተ ጋ የሌለ መሣሪያ፣ የማታውቁት የትንተና ዘዴ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዳታ ወይም ናሙና፣ ወይም አብራችሁት መሥራት የምትፈልጉት አንድ ሰው። መስመሩን ከጻፋችሁ በኋላ "ይህን ለማግኘት ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ ሁለት ዓመት ሳይሆን ስድስት ሳምንት ሆኖ ይገኛል።

ትንሽ ልጅ ያለው፣ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ሥራዋን ጥላ መሄድ የማትችልበት ሰው "ሁለት ዓመት ውጭ ካልቆየህ ተመራማሪ አይደለህም" ሲባል ይከፋዋል፤ መከፋቱም ልክ ነው። አጭር ጉዞም ጉዞ ነው። ኤምቦ የተባለው የሞለኪውላር ባዮሎጂ ድርጅት እስከ 3 ወር ለሚደርስ የላብ (የቤተ ሙከራ) ቆይታ ገንዘብ ይሰጣል። ከ1971 ጀምሮ ያለው የአውሮፓ ኮስት ፕሮግራምም በኔትወርኮቹ ውስጥ ላሉ ተመራማሪዎች የአጭር ጊዜ ጉዞ ወጪ ይሸፍናል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ነው። ያቋቋሙት ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም ናቸው፣ በ1964። እሳቸው ራሳቸው ፓኪስታን ተመልሰው ሲያስተምሩ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ተነጥለው ቀሩ፤ በመጨረሻ በ1954 ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። ሌላው ሳይንቲስት በአገሩና በሙያው መካከል እንዲመርጥ እንዳይገደድ ብለው ነው ማዕከሉን ያሰቡት። እስካሁንም የታዳጊ አገር ሳይንቲስቶች ሥራቸውን ሳይለቁ እየተመላለሱ የሚቆዩበት የአሶሺየት ፕሮግራም አለው።

2. ወራታችሁን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ፌሎሺፖች (ለተመራማሪ የሚሰጡ የሥራ ድጋፎች) ሁለት ነገር ይቆጥራሉ፦ ዶክትሬታችሁን ከያዛችሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ እና ባለፉት ዓመታት የት እንደኖራችሁ።

የአውሮፓ ኅብረትን የማሪ ስክዎዶፍስካ-ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ (ከዚህ በኋላ "ማሪ ኩሪ" እለዋለሁ) እንውሰድ። በ2025ቱ ጥሪ ደንብ መሠረት፣ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ልትሄዱበት ባሰባችሁት አገር ከ12 ወር በላይ ከኖራችሁ ወይም ከሠራችሁ አትችሉም። ከዶክትሬት በኋላ ያለው የምርምር ልምድም ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ለወሊድ ወይም ለሕመም ከምርምር የወጣችሁበት ጊዜ ግን አይቆጠርባችሁም። የጃፓኑ የሳይንስ ማበረታቻ ማኅበርም ለድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፑ ዶክትሬቱ የተገኘበትን ጊዜ ይገድባል። እነዚህ ደንቦች በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ ያምናውን ከጓደኛ ሰምታችሁ አትነሱ፣ የዘንድሮውን ጥሪ ራሳችሁ አንብቡ።

ወጥመዱ እንዲህ ነው። አንድ የማውቀው ሰው የወደደው ላብ "ለጊዜው በአጭር ውል ና፣ ከዚያ ለፌሎሺፕ እናመለክታለን" አለው። ደስ ብሎት ሄደ። ውሉ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። ማመልከቻው ሲደርስ 14 ወር ሞልቶት ነበርና በዚያ አገር ማመልከት አልቻለም። ማንም አላታለለውም፤ ማንም አልቆጠረም እንጂ።

አንድ ወረቀት አውጡና ላለፉት 3 ዓመታት በየወሩ የት እንደነበራችሁ ሙሉ። ከጎኑ የዶክትሬት ዲግሪያችሁ የተሰጠበትን ቀን ጻፉ፤ የመመረቂያ ሥነ ሥርዓቱን ቀን ሳይሆን ዲግሪው የጸናበትን። ማስረጃዎቹን፣ ማለትም የቤት ኪራይ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የፓስፖርት ማኅተም፣ አሁኑኑ ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ።

3. ከከተማው በፊት ሰውየውን ምረጡ

የዩኒቨርሲቲ ስም ያማልላል። በየቀኑ አብራችሁ የምትውሉት ግን ከስሙ ጋር አይደለም፤ ከአንድ የላብ ኃላፊና ከአምስት ስድስት ባልደረቦች ጋር ነው። የላቡን ድረ ገጽ ክፈቱና "የቀድሞ አባላት" የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ ወጥተው የት ደረሱ? እንዲህ ያለ ገጽ ከሌለ የቆዩ ጥናቶቻቸውን አንሡና የመጀመሪያ ጸሐፊዎቹን አንድ በአንድ ተከታተሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ሁለት ዓመት ያድናል።

ከዚያ ላቡን ለለቀቁ ሁለት ሰዎች ጻፉ። ለለቀቁ ነው ያልኩት፤ አሁን እዚያ ያለው ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚፈልግ ሁሉን አይነግራችሁም። በጽሑፍ እንዲመልሱም አታስጨንቋቸው፣ 15 ደቂቃ በስልክ ይሻላል። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦

ስትወጣ የጀመርከውን ሥራ ይዘህ መውጣት ተፈቅዶልህ ነበር ወይ? ከመጣህ በስንት ጊዜ የመጀመሪያ ጥናትህ ወጣ? ታመህ ወይም ቤተሰብህ ጋ ችግር ተፈጥሮ ሲያውቅ ኃላፊው ምን አደረገ? ዛሬ ብትጠየቅ እንደገና ትሄዳለህ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ከመመለሳቸው በፊት ያለችውን ዝምታ በደንብ አዳምጡ።

4. የመጀመሪያው ኢሜይል

ማመልከቻው ከመዘጋቱ ቢያንስ ከ5 ወይም 6 ወር በፊት ላኩት። ማሪ ኩሪ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ላይ ስለሚዘጋ መጋቢትና ሚያዝያ ጥሩ ጊዜ ነው። ኢሜይሉ በስልክ ሲከፈት አንዴ ወደ ታች ተስቦ የሚያልቅ ይሁን። "በዓለም የታወቀውን ላብዎን" የሚል ውዳሴ አውጡት። ለ30 ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል ከመላክ ለ5 ሰው በደንብ የታሰበበት መላክ ይሻላል፤ ተቀባዩ የጅምላ ደብዳቤን ከመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል።

ይዘቱ በዚህ መልክ ይሁን፣ በምትጽፉበት ቋንቋ፦

"ፕሮፌሰር እከሌ፣ በቅርቡ ያሳተሙት የወንዝ ደለል ጥናት ናሙናው በደረቅ ወቅት ብቻ የተወሰደ መሆኑን አይቻለሁ። እኔ በዶክትሬቴ በጎርፍ ጊዜ የሚጓዘውን ደለል የሚለካ ዘዴ ሠርቻለሁ፤ ጥናቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁለቱን ብናገናኝ ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል ደለል እንደሚያልፍ ማስላት የምንችል ይመስለኛል። ለዚህ መስከረም ላይ ለሚዘጋ ፌሎሺፕ ማመልከት እፈልጋለሁ፤ የዶክትሬቴንና የነዋሪነት መስፈርቱን አሟላለሁ። ሐሳቡ የሚስብዎ ከሆነ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ 20 ደቂቃ በቪዲዮ ልናወራ እንችላለን?"

እነሱ ያላቸው ክፍተት፣ እናንተ የምታመጡት ነገር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ አንድ ቀላል ጥያቄ። ሲቪው ሁለት ገጽ። መልስ ካልመጣ ከ10 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። ዝምታውን እንደ ንቀት አትውሰዱት፤ ብዙዎቹ ኢሜይሉን ከፍተው "ማታ እመልሳለሁ" ብለው የረሱ ናቸው።

5. ፕሮፖዛሉ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፣ እያንዳንዱ ገንዘብ ሰጪ የራሱ ቅጽ ስላለው። ማሪ ኩሪ ዋናውን ክፍል በ10 ገጽ ይገድባል፤ ነጥቡም 50 በመቶ ለሥራው ጥራት፣ 30 ለፋይዳው፣ 20 ለአፈጻጸሙ ነው። ብዙ ሰው ሳይንሱ ላይ 8 ገጽ ይጨርስና ለቀሩት ሁለቱ ፍርፋሪ ይተዋል። ግማሹ ነጥብ እዚያ ነው። በጥራቱ ክፍልም "ከነሱ ምን እማራለሁ" ብቻ ሳይሆን "እኔ ምን አስተምራቸዋለሁ" የሚለውን በግልጽ ጻፉ።

ተጣድፋችሁ "ለሙከራ" አታስገቡ። በ2025ቱ ጥሪ ደንብ ከ100 ከ70 በታች ያመጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ተቋም ጋር ማመልከት አይችልም ነበር።

6. ውሉን ከቁጥሩ አልፋችሁ አንብቡ

የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ ያየሁት የወር ገንዘቡን ብቻ ነበር። ቁጥሩ ጥሩ ነበር። ያልገባኝ ነገር የተሰጠኝ የሥራ ውል ሳይሆን ስታይፔንድ (የኑሮ ድጎማ) መሆኑ ነው። ጡረታ የለውም፣ የሕመም ፈቃድ የለውም፣ የጤና መድኑን ራሴው ነበርኩ የምከፍለው። ሰባተኛው ወር ላይ ታመምኩ። አምስት ሳምንት ተኛሁ። የሚመለከተው ክፍል በጨዋነት የነገረኝ ነገር፣ እኔ ሠራተኛ ሳልሆን እንግዳ መሆኔን ነው። ያን ቀን ያነበብኩትን ወረቀት ከመፈረሜ በፊት ማንበብ ነበረብኝ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱም በኢሜይል ይምጣ። ሠራተኛ ነኝ ወይስ ስታይፔንድ ተቀባይ? ከግብርና ከመዋጮ በኋላ እጄ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? ብታመም፣ ብወልድ ምን ይሆናል? ጡረታ ይቆረጥልኛል? የጉዞ፣ የዕቃና የቪዛ ወጪ ማን ይከፍላል? ቀድሞ ነው ወይስ በኋላ በደረሰኝ የሚመለስ? (ይህ ጥያቄ ቁጠባ ለሌለው ሰው ሞትና ሕይወት ነው።) የመጀመሪያው ደመወዝ በስንተኛው ቀን ይገባል?

በማሪ ኩሪ ማስታወቂያ ላይ የምታዩት አበል እጃችሁ ላይ የሚደርሰው አይደለም። በየአገሩ ኑሮ ውድነት ተባዝቶ ይስተካከላል፤ የአሠሪው መዋጮ ራሱ ከዚያው ላይ ይነሣል፣ ከዚያ የእናንተ ግብር ይከተላል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ አገር ስትቀያይሩ የከፈላችሁት የማኅበራዊ ዋስትና ጊዜ ይደመርላችኋል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን አገር የመዋጮ ማስረጃ ወረቀት አትጣሉ።

7. ቪዛ

አገሩን ስትመርጡ ቪዛው የሚከፍተውንም የሚዘጋውንም በር አብራችሁ እዩ። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

የአውሮፓ ኅብረት ተመራማሪዎችን የሚመለከት የ2016 መመሪያ አለው፤ ዴንማርክና አየርላንድ አይገቡበትም። ዋናው ወረቀት ከተቋሙ ጋር የምትፈራረሙት የመቀበያ ስምምነት ነው። ፈቃዱን ከያዛችሁ በኋላ በሌላ አባል አገር ባለ ተቋም በ360 ቀን ውስጥ እስከ 180 ቀን መሥራት ትችላላችሁ፤ ሁለተኛው አገር አስቀድማችሁ እንድታሳውቁት ሊጠይቅ ይችላል። ምርምሩ ሲያልቅ ደግሞ ሥራ ለመፈለግ ቢያንስ 9 ወር የመቆየት መብት አለ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ውሉ ባለቀ ማግስት ሻንጣውን ይሸክፋል። ዩራክሰስ የተባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች አገልግሎት በቪዛም በቤትም ጉዳይ በነፃ ያማክራል፤ ጻፉላቸው፣ ይመልሳሉ።

አሜሪካ ብዙ ተመራማሪ የሚገባው በጄ ዋን (የልውውጥ ጎብኚ) ቪዛ ነው፤ በሪሰርች ስኮላር ምድብ እስከ 5 ዓመት ይፈቅዳል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በዚህ ምድብ ገብታችሁ ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ የቆያችሁት ጥቂት ወር ብቻ ቢሆንም፣ በዚያው ምድብ እንደገና ለመግባት 24 ወር ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ለሦስት ወር ጉብኝት ከሆነ የምትሄዱት እስከ 6 ወር የሚፈቅደውን የአጭር ጊዜ ስኮላር ምድብ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በመንግሥት ገንዘብ ከሄዳችሁ ወይም ሙያችሁ ለአገራችሁ በወጣ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ ሊኖርባችሁ ይችላል። ግዴታው እስኪፈጸም ወይም እስኪነሣ ድረስ ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛም ግሪን ካርድም አይሰጥም። በቪዛውና ዲኤስ-2019 በሚባለው ቅጽ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ።

እንግሊዝ በ2020 የተጀመረ ግሎባል ታለንት የሚባል ቪዛ አላት፤ ከአንድ አሠሪ ጋር አያስራችሁም። ግን የጤና ክፍያው ከ2024 ጀምሮ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ የሁሉም ዓመት በአንዴ፣ በቅድሚያ ይከፈላል። ለአራት ሰው ቤተሰብ አስሉት። በሌሎች አንዳንድ ቪዛዎች ከሄዳችሁ ደግሞ ለአንዳንድ የሳይንስና የምህንድስና መስኮች አታስ የሚባል የደኅንነት ማረጋገጫ ከቪዛው በፊት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሳምንታት ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጀምሩት።

የትም ብትሄዱ ስማችሁ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በጋብቻ ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ መጻፉን አረጋግጡ። አንዲት ፊደል ወራት ስታስቆም አይቻለሁ።

8. ቤተሰብ

ይህን "በኋላ እናወራለን" አትበሉ። ጥያቄው አብሮ መሄድ ይችላሉ ወይ ብቻ አይደለም፤ ሄደው ምን ይሠራሉ ነው። የትዳር ጓደኛ ቪዛ በአንዳንድ አገር መሥራት ይፈቅዳል፣ በአንዳንዱ አይፈቅድም። በጄ ዋን የሄደ ሰው የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ግን ቁጭ ነው። አንድ ዓመት ቤት የዋለ ባለሙያ ምን እንደሚሰማው ከነሱ ስሙ። ለአንዱ የሙያ እድገት የሌላው ሙያ ሲቆም ማንም ሲቪ ላይ አይጽፈውም፣ ቤት ውስጥ ግን ይኖራል።

ተቋሙን "ለትዳር ጓደኛ ሥራ የሚረዳ ክፍል አላችሁ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የትምህርት ቤትና የሕፃናት ማቆያ ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋም ከመነሻ ቀናችሁ በፊት እወቁ፤ ወሩን ያኔ ምረጡ።

9. ከመነሳታችሁ በፊት የቤት ሥራችሁን ጨርሱ

ከምትለቁት ላብ ጋር ያላለቁ ጥናቶችን ዝርዝር ይዛችሁ ተቀመጡ። የትኛውን ማን ይጽፋል? የመጀመሪያ ጸሐፊ ማነው? እስከ መቼ? ግማሽ ገጽ ጻፉና ለሁሉም በኢሜይል ላኩት። ፍቅር እያለ መጻፍ ቀላል ነው።

ዳታውን በፍላሽ ገልብጦ መሄድ አይቻልም። የታካሚዎች ወይም የቃለ መጠይቅ ሰጪዎች መረጃ ከሆነ በሥነ ምግባር ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ይገዛል፤ አዲሱ ተቋም ስምምነት መፈረም ይኖርበት ይሆናል። የድሮ ኢሜይላችሁ ይዘጋል። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ከሌላችሁ ዛሬ አውጡ፤ ነፃ ነው፣ 16 አኃዝ ነው፣ አገርና ተቋም ብትቀይሩም ሥራችሁን ይዞላችሁ ይዞራል። የግል ኢሜይላችሁንም እዚያ ላይ መዝግቡ።

10. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

የነዋሪነት ምዝገባ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የጤና መድን፤ ብዙ ቦታ አንዱ ሌላውን ስለሚጠይቅ ቅደም ተከተሉን ቀድሞ የመጣ ሰው ጠይቁ። ከኃላፊው ጋር በመጀመሪያው ወር ተቀምጣችሁ ከፕሮጀክቱ የትኛው ክፍል የእናንተ እንደሆነ፣ ስትወጡ ምኑን ይዛችሁ እንደምትወጡ ተነጋገሩ፤ ከስብሰባው በኋላ "የተስማማነው ይህ ነው" ብላችሁ አጭር ኢሜይል ላኩ። አስቸጋሪ ነገር ከገጠማችሁ ደግሞ ቀኑንና የተባለውን መዝግቡ፣ ከላቡ ውጭ ያለ ሰውም አማክሩ። ቪዛችሁን ኃላፊው እንደያዘው አድርገው የሚያስፈራሩ አሉ፤ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ቢሮውን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እንደተባለው አይደለም።

ብቸኝነቱ አራተኛው ወር አካባቢ ይመጣል፣ የአዲስነቱ ደስታ ሲበርድ። ከላብ ውጭ በሳምንት አንድ ቋሚ ነገር ይኑራችሁ፤ የቋንቋ ትምህርት፣ ኳስ፣ ጸሎት ቤት፣ ምንም ይሁን። ቋንቋውን በጥቂቱም ቢሆን ተማሩ። ላብ ውስጥ በእንግሊዝኛ ብትኖሩም ሐኪም ቤትና የልጆች ትምህርት ቤት በአገሩ ቋንቋ ነው።

11. ክሩን ያዙ፣ ቀጣዩንም ጀምሩ

ከነበራችሁበት ቦታ ሰዎች ጋር በወር አንድ ቋሚ የቪዲዮ ስብሰባ አስይዙ። ከተቻለ እዚያ ያለ አንድ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ተማሪ በጋራ አማክሩ። በዓመት አንድ ጥናት ከነሱ ጋር አውጡ። ሰላምታ ብቻ ያለበት ግንኙነት ስድስት ወር አይዘልቅም፤ የጋራ ሥራ ያለበት ግን ይቆያል።

መመለስ ለሚያስቡ የተዘጋጀ ገንዘብ አለ። የማሪ ኩሪ ግሎባል ፌሎሺፕ ከአውሮፓ ውጭ ከ12 እስከ 24 ወር ካሠራ በኋላ 12 ወር የመመለሻ ጊዜ በውስጡ ይዟል። የጀርመኑ የሃምቦልት ፋውንዴሽንም ፌሎሺፑን ጨርሰው ከጀርመን ለሚመለሱ የመመለሻ ድጋፍ አለው። እነዚህ ከመጀመሪያው ሲታሰቡ ነው የሚጠቅሙት፤ መጨረሻው ላይ ሲደረስ የማመልከቻው ቀን አልፎ ይገኛል።

የ24 ወር ውል ካላችሁ 10ኛው ወር ላይ የሥራ ማስታወቂያዎችን ማየት ጀምሩ። 12ኛው ወር ላይ ለሦስት ሰዎች ጻፉ፦ አንዱ አሁን ካላችሁበት አገር፣ አንዱ ከነበራችሁበት፣ አንዱ ከሁለቱም ውጭ። ምን እንደሠራችሁ፣ መቼ እንደምትጨርሱ፣ ምን እንደምትፈልጉ በአምስት መስመር ንገሯቸው። መልሱን በዚያው በወር በወር በሞላችሁት ወረቀት ላይ መዝግቡት።